የመሀሉ ሰው የሰማው

አያ ምንዋጋው የሻይ ብርጭቆውን ወደ አፉ አስጠግቶ ሳይቀምስ መለሰውና «ውሃው ከየት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሌሊት ዘንቦ ነው፤ አንተ ተኝተህ» አለች እታገኝ፣ ሽንኩርቷን መላጥ ሳታቋርጥ።

ሰቆጣ ላይ ከሚያዝያ መግቢያ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ግን ጥያቄው ሦስት ሳምንት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ሲጠየቅ የከረመ ስለሆነ መልሱን በየቀኑ መለዋወጥ ግድ ሆኖባታል፤ አንድ ቀን ከተከዜ ነው ትላለች፣ አንድ ቀን ከእንባዬ ነው ትላለች። እውነቱን ለመናገር ውሃው የመጣው ከታችኛው ቦኖ ነው። እታገኝ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ጎህ ሳይቀድ ትወርዳለች፣ ሰልፉ ላይ ከምታውቀውም ከማታውቀውም ጋር ስትጨቃጨቅ ታረፍዳለች፣ የአህያ ጋሪ ያገኘች ቀን በሃያ ብር ታስጭናለች፣ ያላገኘች ቀን አንዱን አዝላ አንዱን አንጠልጥላ ዳገቱን ትወጣዋለች። ከደጃፋቸው ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ በሟቹ በአቶ ወልደ ገብርኤል ግቢ ውስጥ፣ እንደ ልብ የሚወርድ ቧንቧ አለ። የሟቹ ልጅ ታይቱ ጀሪካኑን በአምስት ብር ትሸጣለች፤ ሰልፍ የለ፣ ግፊያ የለ፣ ለጎረቤት ደግሞ እስከ አፉ ሞልታ ነው የምትቀዳው። ነገር ግን ግቢውም ቤቱም ቧንቧውም ታይቱና ታላቅ ወንድሟ ብዙነህ የሚሟገቱበት ሆኗል፤ የሚፈርደው ደግሞ አያ ምንዋጋው ነው። የመሀል ሰው የሆነ፣ ፍርዱን እስኪሰጥ ድረስ ከሁለቱም ወገን ቤት ጥሬ አይቆረጥምም፣ ውሃ አይጎነጭም፤ የቀመሰ አፍ ያዳላል ነው ነገሩ። ይህን ልማድ ያወጡት ሰዎች ሚስት ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም የሚለውን እታገኝ በየማለዳው ዳገቱ ላይ ስታስብበት ትወጣለች።

«ዛሬም ቀጠሮ ሰጥታችሁ ትመጣላችሁ እንግዲህ» አለች።

«ዛሬ ያልቃል።»

«ባለፈው ሳምንትም ያልቃል ብለህ ነበር። ዛሬ ካላለቀ ግመል ትገዛልኛለህ። ወይ ራስህ ግመል ትሆንና አንዴ ጠጥተህ እስከ ክረምት ትቆያለህ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ዛሬ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ በሩ ብቻ ያያል። እታገኝ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አሁንም ይጠራሃል?» አለችው ዝቅ ብላ።

«ማን?»

«እኔ ምን አውቄ። ትናንት እየሰፋህ ‹ሰማሁ፣ ሰማሁ› ስትል ነበር። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም።»

አያ ምንዋጋው ጋቢውን ደረበና ወጣ። ሻዩን አልጠጣውም።

በሙያው ልብስ ሰፊ ነው። ገበያው ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ እግሩ ሲረግጠው በሚንሲያጠጥ መኪና ላይ አርባ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፤ የግማሹን ከተማ የትምህርት ቤት ልብስ የሰፋው እሱ ነው። ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ነገር መዳኘቱን ግን ከማንም ይልቅ ያውቅበታል። በዚህ አገር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ ሁለት ሽማግሌ ያመጣል፣ ሌላውም ሁለት ያመጣል፤ አምስተኛውን፣ የመሀሉን ሰው፣ ሁለቱም ተስማምተው ይመርጡታል። አራቱ እኩል ከተከፈሉ ቃሉን የሚሰጠው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ብዙ የተጣላ ሰው የሚስማማበት አንድ ነገር ቢኖር የምንዋጋው ስም ነበር። ሰው የሚወድለትም ነገር ስለማያንዛዛ ነው። ሌላው ሽማግሌ ከአዳም ጀምሮ እስኪደርስ ከሰዓት ይሆናል፤ እሱ ግን የሁለቱንም ወገን ወሬ ቁጭ ብሎ ይሰማና ትርፉን ቆርጦ፣ ልኩን ይዞ፣ «ነገሩ ይህ ነው» ይላል። የድሮ ቂም፣ ለቅሶ፣ ምርቃት፣ «እኔ ለሱ ያልሆንኩት» የሚባለው ሁሉ እሱ ዘንድ ቅዳጅ ነው። በዚህ ሲቀልዱበት «ምንዋጋው የእናቱን ኑዛዜ በሁለት ቃል ነው የሚነግርህ» ይሉታል። እሱም ይስቃል፤ እንደ ሙገሳ ነው የሚቆጥረው።

ወደ ሸንጎው ከመሄዱ በፊት አቅጣጫውን ወደ ቤተክርስቲያኑ አዞረ። ቅዳሴ ወጥቷል። ሁለት አሮጊቶች የግቢውን ግንብ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አንደኛዋ ስለ ሽሮ እህል መወደድ ስታወራ ሌላዋ «ይሁን፣ ጥርሱስ የታለና» ትላታለች። ሰላም ብሏቸው አለፈና ከጽዶቹ ሥር፣ ድንጋዩ ገና ሣር ካላበቀለ መቃብር ጎን ቆመ። ወልደ ገብርኤል የተቀበረው ጥር ላይ ነው። በሕይወቱ የእህል ነጋዴ ነበር፤ በኋላ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ዘጠኝ ዓመት አልጋ ላይ ዋለ። ስምንት ዓመት ባሏ ቤት የኖረችው ታይቱ ትዳሯ ሲፈርስ ወደ አባቷ ተመለሰች፤ ዕቃዋን ፈትታ ሳትጨርስ ነው አባቷ የወደቀው። ከዚያ ወዲህ ያነሣችውም ያስተኛችውም፣ ያጠበችውም ያጎረሰችውም እሷ ናት። ብዙነህ ባሕር ዳር ግንበኛ ነው። ለፋሲካ ሲሆንለት ይመጣል፣ ሳይሆንለት ሲቀር በስልክ «አባባ እንዴት ነው?» ይላል። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ሩቅ ልጅ ነው።

ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቀትር ላይ፣ ወልደ ገብርኤል ምንዋጋውን አስጠራው። ታይቱ የበሩን መጋረጃ ገልጣ አስገባችውና ባልዲዋን ይዛ ወጣች። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ዐማርኛው ከድካሙ የተነሣ ጠፍቶበት ነበርና የተናገረው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ነው። ነገሩ ባጭሩ፣ ቤቱ ለብዙነህ ይሁን፣ ልጄ የሰው ቤት ሲገነባ አረጀ፣ አገሩ ይግባ፣ ቤቱ ይጥራው ነበር። «ሰማኸኝ?» አለ። «ሰማሁ» አለ ምንዋጋው። «ነገ ሌላ ምስክር ይዤ እመጣለሁ፣ ይጻፋል።» ኑዛዜ በአንድ ጆሮ እንደማይጸና ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ሌላውን ሰው ይዞ ሲመጣ ግቢው በለቅሶ ተሞልቶ አገኘው።

ያን ቀን መናገር ይችል ነበር። ግን ሬሳው ሲወጣ ታይቱን አየ፤ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም፤ የባዶውን አልጋ አንሶላ አንሥታ አጥፋ፣ አጥፋ፣ የመዳፍ ስፋት እስኪያክል ድረስ አጠፈችው። ሳልስቱ ይለፍ አለ። አርባው ይለፍ አለ። አርባው ሲያልፍ ነገሩ ሆዱ ውስጥ አርጅቶ፣ ዛሬ ቢያወጣው «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» የሚያሰኝ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ የጀመረው። መኪናውን ሲረግጥ ከመንሲያጠጡ ውስጥ፣ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ትንፋሽ ሲወስድ ባለችው ክፍተት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሰው በሌለበት መንገድ፣ ከበስተኋላው ያ የደከመ ድምፅ «ሰማኸኝ?» ይለዋል። ሲዞር ማንም የለም። ሰምቻለሁ ይላል። ሰምቼ ምን ላድርግ፣ ልጅህን ከቤት ላስወጣልህ? ይላል። ድምፁ ግን አይከራከርም፤ ያቺኑ ነው የሚጠይቀው።

መጋቢት ላይ ብዙነህ መጣና ቤቱ ተሸጦ ይካፈል አለ። ታይቱ በቁሜ አይሸጥም አለች። ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ዳኛው ሁለታችሁም እኩል ወራሾች ናችሁ፣ ሽያጩን ግን ቤተሰብ ናችሁና በሽማግሌ ጨርሱት ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ወንድምና እህት በአንድ ቀን፣ እሱ በማለዳ እሷ ከሰዓት፣ ምንዋጋው ደጃፍ መጡ። ብዙነህ «የአባቴ ጓደኛ ነዎት» አለ። ታይቱ ምክንያት አልተናገረችም፤ «የመሀሉ ሰው እርስዎ ይሁኑልኝ» ብቻ አለች። እምቢ ማለት ነበረበት። ልቡ ውስጥ አንዱን ወገን የሚያውቅ ሰው መሀል አይቀመጥም። ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና ሳያስበው ትከሻው ቀለል አለው፤ የመሀል ሰው በዳኘው ነገር አይመሰክርም። ዳኛ ከሆነ አፉ በሕግ ተዘጋ ማለት ነው። እሺ አለ። ያን ዕለት ማታ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ላይ ሲቀመጥ ያ ድምፅ ቀድሞት ተቀምጦ ነበር።

«ወልደ ገብርኤል» አለ አሁን፣ ድንጋዩን እያየ። «የሞተ ሰው ያርፋል፣ ያሳርፋልም። እኔ እስከ ሽበቴ ድረስ ሰው እኩል አይቼ የኖርኩ ነኝ፤ ዛሬ በልጅህ አታስነውረኝ።» ነፋሱ ጽዶቹን አንዴ ነቀነቃቸውና ተዋቸው። ከግንቡ ሥር አንደኛዋ አሮጊት ለሁለተኛዋ «ይኸ ሰው ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» ስትል ሰማ።

ሲወርድ ሰላሕ ሱቁን ሲዘጋ ደረሰበት። ሰላሕ ባለ ሸቀጥ ነው፤ በብዙነህ በኩል ከቀረቡት ሽማግሎች አንዱ እሱ ነው። እጅ ጽሑፉ ከአምስቱም ስለሚያምር ቃለ ጉባኤውን የሚይዘውም እሱ ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ ስኳር አወራ፤ ኮታው መቅረቱን፣ ከቆቦ የሚመጣው ጭነት መወደዱን፣ ደንበኛ በብድር እንጂ በእጅ ሰላም ማለት መተዉን። ከዚያ «ሁለት ለሁለት እንደሆንን ነን እንግዲህ። አንተን ነው የምንጠብቅ» አለው።

«አውቃለሁ።»

«ወዴት እንዳዘነበልክ አልጠይቅህም።»

«አትጠይቀኝ።»

«አልጠየቅሁም እኮ። አልጠይቅህም ነው ያልኩህ» አለ ሰላሕ።

ቤት የሚዳኘው ቤቱ ባለበት ነው፤ ስለዚህ የተቀመጡት ሟቹ በተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። ውጭ አቧራው አያስቀምጥም። ክፍሉ ከእነ ጓዳው አምስት በአራት ቢሆን ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ሲበረታ ይንጣጣል፣ ግድግዳው ከወገብ በታች በሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ጓዳውን የሚለየው ተሰፍቶ የተያያዘ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። የቅባትና የቪክስ ሽታ አሁንም አልወጣም። አራት ዱካ ከጎረቤት ተለምኗል። በታይቱ በኩል የቆሙት አባ አስማረና አንድ ጡረተኛ አስተማሪ፣ በብዙነህ በኩል ሰላሕና ተስፋው የሚባል አናጢ ቀድመው ዱካዎቹን ይዘዋል። ለምንዋጋው የቀረው የሟቹ መደብ ነው። ፍራሹ ተነሥቷል፤ አንድ የበግ አጎዛ ብቻ ተነጥፎበታል። ጫፉ ላይ፣ ልክ አንድ ሰው ከበስተኋላው እንዳይቀሰቀስ የሚጠነቀቅ ይመስል፣ ቁጢጥ አለ። ግድግዳው ላይ፣ የተኛ ሰው ግንባር በሚደርስበት ቁመት፣ ሰማያዊው ቀለም በትንፋሽና በላብ ተልጦ ክብ ነጭ ቦታ አለ። ዘጠኝ ዓመት የታየ ቦታ ነው። ወደዚያ ላለማየት አንገቱን አቀና።

ብዙነህ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ሲሚንቶ ግን የስድሳ ዓመት ሰው እጅ አስመስሎታል። ታይቱ ከጓዳው መጋረጃ ሥር ቆማለች። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም።

አባ አስማረ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ እያንዳንዱ ያለፈውን ሳምንት ሐሳቡን ደገመ። አስተማሪው፣ ቤቱ ከተሸጠ ታይቱ ኪራይ ቤት ትገባለች፣ እንጀራዋም ይኸው ቧንቧ ነው፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ከየት ትጀምራለች አለ። ተስፋው፣ ብዙነህስ ሃያ ሦስት ዓመት በኪራይ ቤት የሰው ግድግዳ ሲያቆም የኖረ አይደለም ወይ፣ ሕግ እኩል ያለውን እኛ ምን ብለን እናጎድላለን አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ብዙነህ አንድ ጊዜ ብቻ «ታይቱ ትውጣ አላልኩም፤ ድርሻዬን ነው የምለው» አለ። ታይቱም «የቱን ግድግዳ ነው ነቅለህ የምትወስደው?» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ከዚያ ሁሉም ወደ መደቡ ዞረ።

አያ ምንዋጋው ፍርዱን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። ቤቱ አይሸጥ፣ ታይቱ ትኑርበት፣ ብዙነህ ከግቢው በስተጀርባ ባለው ባዶ ቦታ አንድ ክፍል ይሥራ፤ ግንበኛ አይደል። ጥሩ ፍርድ ነው። ሦስት ሳምንት ለክቶ ለክቶ የቆረጠው ነው። አሁን ግን አፉን ሲከፍት፣ ይህን ፍርድ የሰጠው ልቡ ነው ወይስ የደበቀው ነገር ነው የሚለውን ማወቅ አቃተው። ባይሰማ ኖሮ ይህንኑ ይል ነበር? ምናልባት ይል ነበር። ግን ከእንግዲህ ሊያውቀው አይችልም። ከበስተኋላው፣ ከግድግዳው በኩል፣ የመደቡ አፈር የሰው ክብደት የተጫነው ያህል ሲሰምጥ ተሰማው።

«እኔ መፍረድ አልችልም» አለ።

«እንዴት?» አሉ አባ አስማረ።

«ዳኛ አይደለሁም። ምስክር ነኝ። ገና ከመጀመሪያው ምስክር ነበርኩ፤ ወንበሩን ወስጄ አፌን ዘጋሁበት። ከዛሬ ጀምሮ መሀል አልቀመጥም፤ በዚህም በሌላም ነገር።» ከመደቡ ተነሥቶ በሽማግሎቹና በወንድምና እህት መካከል ባለችው ባዶ መሬት ላይ ቆመ። የሚቆምበት ቦታ ምስክር የሚቆምበት ነው፤ ሃያ ዓመት ሰው ሲያቆምበት ኖሯል እንጂ ራሱ ቆሞበት አያውቅም። ከዚያ ነገሩን ተናገረ፤ በዐማርኛ፣ ባጭሩ፣ እንደ ልማዱ። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ጠራኝ። ቤቱ ለብዙነህ ይሁን አለ። ልጄ የሰው ቤት ሲገነባ አረጀ፣ አገሩ ይግባ፣ ቤቱ ይጥራው አለ። እሺ አልኩት። አልተናገርኩም።

ቆርቆሮው አንዴ ተንጣጣ። ብዙነህ ሁለት እጆቹን አገላብጦ ያያቸዋል፤ አባቱ ስለ እሱ ይህን ያህል ያስብ እንደነበር የሚያውቅ አይመስልም።

ቀድሞ የተናገረው ሰላሕ ነው። «አያ ምንዋጋው፣ ይህን ውጠህ አራት ወር ስትኖር ቀበቶህ አልጠበበህም?»

«ጠቦኛል።»

ተስፋው ግን አልሳቀም። «እኛ እንግዲህ ሦስት ሳምንት የተቀመጥነው ለምን ነበር? ቀድመህ ብትናገር ሁለት ቀን የማይፈጅ ነገር!»

«ተወው» አሉ አባ አስማረ። አፈሩን በበትራቸው ጫፍ ትንሽ ጫሩት። «ሙት አንድ ጆሮ ላይ የጣለው ቃል ኑዛዜ አይሆንም። ሁለት ሰው ሊሰማው ይገባ ነበር። ስለዚህ ቤቱ ለብዙነህ ብቻ ነው ልንል አንችልም፤ እኩል ወራሾች ናቸው። ነገር ግን...» ወደ ብዙነህ ዞሩ። «ነገር ግን ልጄ፣ አባትህ ሽጠው ብሎሃል? ቤቱ ይጥራው ነው ያለው። የተሸጠ ቤት ሰው አይጠራም። ይህን ከሰማን በኋላ ይሸጥ ብለን እጃችንን ብናነሣ ያሳፍረናል።»

ተስፋው ጢሙን ዳበሰ። ሰላሕን አየው፣ ሰላሕ ደግሞ ወረቀቱን። «እኔም ከዚህ በኋላ ይሸጥ አልልም» አለ ተስፋው በመጨረሻ። «እውነቱን ለመናገር የዚህን ሰውዬ ቤት በር የሠራሁት እኔ ነኝ። መሸጡ ሲከነክነኝ ነበር።»

«እኔም እንደዚያው» አለ ሰላሕ።

«ብዙነህስ?»

ብዙነህ ራሱን ነቀነቀ። ይሁን ማለቱ ነው።

ስለዚህ አለቀ። መሀል ሰው ሳያስፈልግ፣ አራቱም በአንድ ቃል፣ ቤቱ አይሸጥም። ታይቱ ትኖርበታለች። አስተማሪው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሰላሕ «ቃለ ጉባኤ» ብሎ ከላይ ጻፈና ከሥሩ አሰመረ። አያ ምንዋጋው እዚያው መሬት ላይ ቆሞ ቀርቷል። የያዘውን ሁሉ አወጣ፤ አሁን ይቀለኛል ብሎ ጠበቀ። ጆሮውን አዘንብሎ ጠበቀ። ከመደቡ በኩል፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ያ የደከመ ድምፅ አሁንም ያቺኑ ጥያቄ ጠየቀው። ከዚህ በላይ ምን ልናገር፣ ሁሉን ተናገርኩ እኮ ሲል አሰበ።

«ጋሼ ምንዋጋው» አለች ታይቱ።

ሁሉም ዞረ። ከመጋረጃው ሥር አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጥታለች።

«ጨርሰዋል?»

«ጨርሻለሁ ልጄ።»

«አባቴ ሌላ ነገር አላለም?»

አሰበ። የሟቹን ትንፋሽ፣ ግድግዳው ላይ ይመለስ የነበረውን ድምፅ አስታወሰ። ብዙ ተናግሯል፤ የሚሞት ሰው ብዙ ይናገራል። እሱ ግን የያዘው ፍሬ ነገሩን ነው። «አላለም» አለ።

ታይቱ አየችው። የምትጠላውን ሰው እንደምታይ አልነበረም፤ ስፌቱ የተበላሸ ልብስ የመለሰላትን ሰው እንደምታይ ነበር። መሀረቧን ከጭንቅላቷ ወደ ትከሻዋ አወረደች። «ብሏል» አለች።

«ልጄ...» አሉ አባ አስማረ።

«ከዚህ መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ አባ። ባልዲውን ይዤ ወጥቼ በጓሮ በኩል ተመለስኩ፤ አንሶላውን ልጨምቅ። የምጨምቀው ውሃ ጠብ ሲል እንዳይሰማ ጨርቁን ደረቴ ላይ ይዤ ነው የቆምኩት። ቤቱ ለብዙነህ ሲል ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ነው ሙግት ከተነሣ እርስዎን የመሀል ሰው አደርግዎታለሁ ብዬ የቆረጥኩት። የመሀል ሰው አይመሰክርም ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት። አፍዎን የዘጋሁት እኔ ነኝ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ግን ዛሬ ከተናገሩ ሁሉን መናገር ነበረብዎት። የቤቱን ተናግረው የእኔን እንዴት ይተዉታል?»

አያ ምንዋጋው ወደ መደቡ ዞሮ አየ።

ታይቱ በኽምጥኛ ተናገረችው። የአባቷን ድምፅ አላስመሰለችም፤ ግን ቃሉ ሲወጣ፣ ቋንቋውን የማይሰማው ሰላሕ ጭምር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አራት ወር በቃሏ ይዛው የኖረች፣ ውሃ ስትቀዳም ስትተኛም ስትደግመው የከረመች መሆኗ ያስታውቃል፤ አንዲት ቦታ እንኳ አልተደናቀፈችም። ብዙነህ ቃሉ ጆሮው ሲደርስ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። አያ ምንዋጋው ግን እያንዳንዷ ቃል ስትወጣ ከየት ስፍራ ቆርጦ እንደጣላት አወቃት። ሰምቶት ነበር። በሁለት ጆሮው ሰምቶት ነበር። የሽማግሌ ለቅሶ፣ ምርቃት፣ ትርፍ ነገር ብሎ መደቡ ሥር ጥሎት ወጣ።

«ለሰላሕ በዐማርኛ ንገሪው» አሉ አባ አስማረ።

«ታይቱ እንደ ልጅ አይደለም የያዘችኝ፣ እንደ እናት ነው አለ። እናቴ ሁለት ዓመት አዘለችኝ፣ እሷ ዘጠኝ ዓመት አለ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የምተኛው እሷን ለማየት አፍሬ ነው አለ። እኔ ለመናገር አልሆነልኝም፣ አንተ ንገርልኝ አለ።» ታይቱ ቆም አለች። «ዘጠኝ ዓመት ፊቱን ሲያዞርብኝ፣ አጠባዬ ያስጠላው ነበር የሚመስለኝ።»

ቀጥሎ አባ አስማረ የተናገሩት አንድ ሽማግሌ ሊናገር የሚገባው ስለሆነ እንጂ ፈልገው አልነበረም። «ታይቱ ልጄ፣ አስተውዪ። አሁን ሁለተኛው ሰሚ አንቺ ሆንሽ። በአንድ ጆሮ ያልነው ሁለት ሆነ። ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ ካስገባነው ኑዛዜው ጸና ብለን መፈረም ግዴታችን ነው፤ ቤቱ የወንድምሽ ይሆናል። ካሻሽ አልሰማንም እንላለን። እኛ አርጅተናል፤ ጆሯችን አይሰማም።»

«ሰምታችኋል» አለች ታይቱ።

«ይገባሻል ወይ የምታጪው?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዳላጣው የተሟገትኩበት ነው፤ ይገባኛል።»

ብዙነህ «ታይቱ፣ ተዪው» አለ በቀስታ። «ይቅር። እኔ አልፈልገውም።»

«አንተ የምትፈልገውን ነገ ታደርገዋለህ» አለችው። «ዛሬ አባባ ያለው ይጻፍ።»

ሰላሕ ወረቀቱን ገለበጠና ንጹሑን ገጽ አወጣ። እስክሪብቶውን አንሥቶ ጥቂት ፈዘዘ። ከዚያ እንደ ወጉ ከዋናው ነገር ሊጀምር፣ «ሟች አቶ ወልደ ገብርኤል ቤታቸውን ለልጃቸው ለብዙነህ...» ብሎ እየተናገረ ሊጽፍ ጎንበስ አለ።

«እሱን በኋላ ይጽፉታል» አለች ታይቱ። «መጀመሪያ ያንኛውን። እንደ እናት ያዘችኝ ከሚለው ይጀምሩ።»

ሰላሕ አባ አስማረን አየ። አባ አስማረ ምንዋጋውን አዩት፣ ከሃያ ዓመት ልማድ የተነሣ። ምንዋጋው «እንደምትለው» አለ፤ እንደ ዳኛ ሳይሆን፣ ስህተቱን እንደሚያርም ሰው።

ሰላሕ ጻፈ። እጅ ጽሑፉ ቀስ ያለ ነው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ነው የሚያቆመው። የሚጻፈው አራት መስመር እንኳ የማይሞላ ቢሆንም ሁሉም እስኪጨርስ ድረስ ዐይኑን ከወረቀቱ አላነሣም። ታይቱ ከነበረችበት መጥታ ምንዋጋው የለቀቀው መደብ ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ።

«ያንብቡልኝ» አለች።

አነበበላት።

«ይድገሙልኝ።»

ደገመላት።